በማሽላ መሀል የተሰቀሉት መኪኖች

እኛ አገር ሰው ያለውን አይናገርም። ልብ በሉልኝ፣ ይዋሻል አላልኩም፤ አይናገርም ነው ያልኩት። ከሚሴ ገበያ ጡቷ ጉልበቷን የሚመታ ላም እየጎተተ የሚሄድ ሰው አግኝታችሁ «ላሟ ትታለባለች?» ብትሉት፣ «ኧረ ምኗ ይታለባል፣ አጥንቷ ነው የቀረው፤ እንደው ለልጆች ጉሮሮ ማርጠቢያ ያህል ናት» ይላችኋል። አዲስ ቤት የሠራ ሰው «ጎጆ ቢጤ ቀለስኩ» ይላል፤ ሄዳችሁ ስታዩት ጎጆዋ በብሎኬት የተሠራች፣ በረንዳዋ በሴራሚክ የተነጠፈ ናት። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ አባትም «እንደው ይሞካክራል» ብሎ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞረዋል። ለምን? ቢባል ዓይን አለ። ዓይን ደግሞ ላም ነው፣ ቤት ነው፣ ልጅ ነው ብሎ አይመርጥም። ስለዚህ ጥሩ ነገር ያለው ሰው ጥሩ ነገሩን በመጥፎ ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። እንግዳ መጥቶ ቢያደንቅ እንኳ «ማሻ አላህ» ማለቱን በጆሯችን ካልሰማን ያን ቀን እህል አይረጋልንም።

ይህ ልማድ ለላምና ለቤት የተበጀ ነው። ለሌላ ነገር ሲያውሉት ምን እንደሚያስከትል አባቶቻችን አላሰቡበትም። እነሱ ምን ያድርጉ፣ በእነሱ ጊዜ የመኪና ጌም አልነበረም።

እኔ ላም የለኝም። ያለኝ የመኪና ጌም ነው፤ ያውም የድሮ። ሳቃችሁን ጨርሱና እንቀጥል።

ነገሩ የጀመረው ጌም ቤት በነበረኝ ጊዜ ነው። ዕድሜያችሁ ከእኔ የሚቀራረብ ታስታውሱታላችሁ፤ በዘጠናዎቹ ውስጥ መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል፣ በሯ ላይ መጋረጃ፣ ውስጥ ጀርባዋ የተነፋ ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ላብ ላብ የሚል አየር፣ ቀለማቸው የተላጠ ጆይስቲኮች። የእኔዋም እንደዚያው ነበረች። ማጫወቻዋን ያመጣልኝ ከጅዳ የተመለሰ የአክስቴ ልጅ ነው። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ የሚፈልገው ኳስ ነበር፤ ኳስ ሲጫወት ይጮሃል፣ ይሰዳደባል፣ ወንበር ይሰብራል። እኔ ደግሞ ልቤ ያለው መኪናው ላይ ነው። ደንበኛ ሲጠፋ በሩን ገርበብ አድርጌ ለብቻዬ እሽቀዳደማለሁ።

ለምን መኪና ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ከሚሴ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ የሚሄደው ሁሉ በደጃፋችን ያልፋል፤ አውቶቡሱ፣ ተሳቢው፣ መስታወቱ የጠቆረ የሹማምንት መኪና። እኛ ዳር ተቀምጠን እናያለን። ዕድሜ ልኬን መኪና ሲያልፍ ያየሁ ሰው ነኝ፤ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ከባጃጅ ሌላ ጨብጬ የማውቀው መሪም የለም። እዚያች ስክሪን ላይ ግን የማልፈው እኔ ነኝ። ይህን ለሰው ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ብቻ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም ደስ ይለኛል።

ስልክ በየኪሱ ሲገባ ጌም ቤቴ ተዘጋች። የቴሌቪዥንና የሞባይል ጥገና ከፈትኩ፣ ሰዓዳን አገባሁ፣ ልጆች መጡ። ማጫወቻዋን ግን አልሸጥኳትም፤ እንዲያውም በሽታው የባሰብኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የምሄደው መለዋወጫ ፍለጋ ነው ብዬ ነው። መለዋወጫውንም አልረሳም፤ ግን ከጅቡቲ በኩል የገባ ልባሽ ጫማና የእጅ ባትሪ ከተከመረበት አጠገብ ጎንበስ ብዬ አሮጌ ሲዲ ስፈልግ ቆይቼ ነው። የምፈልገውም ኮፒውን አይደለም። የኮፒ ጀርባ እንደ ብር ነጭ ነው፤ የድሮው ኦርጅናል ጀርባው ጥቁር ነው፣ ብርሃን ላይ ሲገለብጡት ከጥቁሩ ውስጥ ቀስተ ደመና ይወጣል። አንድ ጥቁር ጀርባ ሳገኝ ዳር ዳሩን በሁለት ጣቴ ይዤ አነሣዋለሁ። ፊቴን ግን ጭፍግግ አድርጌ «ይሄ የተቧጨረ ምን ይሠራል» እላለሁ። ሻጩም «ምንም አይሠራ፣ ግን ውሰደው» ይለኛል። በደንብ ተግባብተን እንለያያለን።

የብዙዎቹን ጽሑፍ የሚያነብ ከሚሴ ውስጥ ስለሌለ ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። «ቀይዋ» አለች፣ «በረሃው» አለ፣ «ባለ ድልድዩ» አለ። ከሁሉም የምትበልጥብኝ ግን «ጭጋጉ» ናት። ባቲ ላይ ከጫማ ክምር ሥር ያወጣኋት፣ በጃፓንኛ የተጻፈባት። አንድ ተራራ፣ አንድ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከፊት ጭጋግ፤ ሌላ ምንም የላትም። ዛፎቹ የተደረደሩ ጡቦች ናቸው፣ መኪናዋ የክብሪት ቀፎ ታህላለች። ግን ጭጋጉ ውስጥ ገብታችሁ፣ ከፊት ያለውን መታጠፊያ ሳታዩት በልባችሁ አውቃችሁት፣ መሪውን ስትጠመዝዙት… ይህን ወሬ ብተወው ይሻለኛል። ሰዓዳ ሁልጊዜ ተነሥታ ወደ ጓዳ የምትገባው እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ ከመደርደሪያው አውርጄ በለስላሳ ጨርቅ አሻቸዋለሁ። ከመሀል ወደ ዳር ነው የሚታሸው፣ በክብ አይታሽም። ሰዓዳ አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፣ ለእሷ ሲሆን እጄ እንዲህ ለስልሶ እንደማያውቅ ነግራኝ ሄደች። ማሸቴን ቀጠልኩ። ጎረቤት ገብቶ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» ሲል ግን መልሴ ዝግጁ ነው፤ «ቆሻሻ ነው፣ ጊዜ አጥቼ ነው ያልጣልኩት» እላለሁ። ይህን እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ሰው ነኝና ታዲያ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው አይቶ «ይህማ ዋጋ ያለው ነገር ነው» ቢለኝ እመኝ ነበር። ለመሸጥ ብዬ አይደለም። ላም ያለው ሰው «አጥንቷ ነው የቀረው» የሚለው ገበያው በሙሉ ላሟን እያያት ነው፤ እሱ ዝም ቢል ጡቷ ይናገርለታል። የእኔን የሚያይልኝ የለም። ቆሻሻ ነው ስል ሁሉም ራሱን ይነቀንቅና ያምነኛል፣ ይህ ነበር የሚያበሽቀኝ።

በኋላ ኢንተርኔት ላይ የድሮ ጌም የሚሰበስቡ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አገኘሁና እዚያ ዳዊት ከሚባል የአዲስ አበባ ሰው ጋር ተዋወቅን። ጎልማሳ ነው፣ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ ደመወዙን በሙሉ አሮጌ ጌም ላይ የሚያፈስ የእኔ ቢጤ ነው። የጭጋጉን ፎቶ ላኩለትና ከሥሩ «ቆሻሻ ናት፣ እንደው ብታያት ብዬ» ብዬ ጻፍኩ። «ቆሻሻ ከሆነች ለምን ትልክልኛለህ?» ብሎ መለሰልኝ። የአዲስ አበባ ሰው ቃሉን እንዳለ ነው የሚያነሳው። ጥቂት ቆይቶ ግን ደወለ፣ ድምፁ ተለውጧል። ኦርጅናል ከሆነች አገሪቱ ውስጥ ሌላ መኖሯን እንደሚጠራጠር፣ ግን በዓይኑ ካላየ እንደማያምን፣ በቅርቡ ለሰርግ ወደ ደሴ ሲያልፍ ከሚሴ ወርዶ ሁሉንም አንድ በአንድ እንደሚያይልኝ ነገረኝ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት አለኝ። ያን ቀን ስንት የሰው ስልክ አበላሽቼ መልሼ እንደጠገንኩ አላህ ይወቀው።

ማንም እንዳይነካት በተባልኩ በሳምንቱ አማቴ መጡ።

አማቴ ሸህ ይመር፣ የሰዓዳ አባት፣ የጨፋ ገበሬ ናቸው። ማሽላቸው ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ በስም የሚጠራ ነው፤ እሳቸውን ብትጠይቋቸው «እንደው አገዳ ነው» ይላሉ። ያን ዓመት ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወረደበት። ግሪሳን ለማታውቁት፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት። ብቻዋን ብትመጣ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ ችግሩ ብቻዋን መጥታ አታውቅም። ደመና ሆና ማሳው ላይ ታርፋለች፣ ስትነሣ የሚቀረው አገዳው ነው። መድኃኒቱ ማሳው መሀል ማማ ላይ ወጥቶ ሲወነጭፉ፣ ሲጮኹና ቆርቆሮ ሲደበድቡ መዋል ነው። የሸህ ይመር ወንዶች ልጆች ግን ጅዳ ናቸው። የእሳቸውም ቀኝ ትከሻ አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። ያለፈውን ዓመት ምርት ግማሹን ወፍ እንደበላባቸው፣ ዘንድሮም ከደገመ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እኛ ዘንድ ከሚሴ ከመግባት ሌላ ምርጫ እንደሌላቸው ለሰዓዳ ቀስ ብለው ሲነግሯት ሰማሁ። ገበሬ ከማሳው ተነቅሎ ከተማ ገብቶ፣ በር ላይ ተቀምጦ መንገድ ሲያይ ሲውል አይታችሁ ከሆነ፣ ለምን ቀስ ብለው እንደተናገሩ ይገባችኋል።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። እኔ መስኮቱ ሥር ጭጋጉን እያሸሁ ነው። የከሰዓት ፀሐይ ጀርባዋ ላይ ወደቀችና አንድ ክብ ብርሃን ግድግዳው ላይ ሮጠ፣ ጣሪያ ወጣ፣ በበሩ ሾልኮ ግቢ ስትጭር የነበረች ዶሮ ላይ አረፈ። ዶሮዋ ክንፏን አራግባ አጥሩን ዘለለች። ሸህ ይመር ዶሮዋን አዩ፣ እጄን አዩ፣ ከዚያ መደርደሪያውን አዩ።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው ሙሄ?»

«ቆሻሻ ነው አባ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው ለወፏ ብወስደውስ?»

እስቲ በእኔ ቦታ ሆናችሁ መልሱ። «አይ፣ የምወደው ነገር ነው» ብዬ እንዳልል አሁን ቆሻሻ ነው ያልኩትን ምን ልበለው? «አልሰጥም» እንዳልል አማት ናቸው፤ በቤቴ ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም። «ዋጋ ያለው ነው» እንዳልል ደግሞ በሩ ክፍት ነው፣ መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ ሰውም ዓይን አለው። ልቤ ሌላ ሲያስብ አፌ ከልጅነቱ የተማረውን ተናገረ። «ይውሰዱት አባ፣ ለእኔ ምን ይሠራልኛል» አልኩ። ደግሞም ከጌም ቤቱ የተረፉ ሁለት ሦስት ኮፒዎች ብቻ ይዘው ይሄዳሉ ብዬ ነበር።

በማግስቱ ሱብሂን መስጊድ ሰግጄ ስመለስ ሸህ ይመር በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደዋል። መደርደሪያው ላይ ቤቶቹ፣ ማለቴ የሲዲዎቹ ማስቀመጫ ፕላስቲኮች፣ እንደተደረደሩ ናቸው። አንዱን ከፈትኩ፣ ባዶ። ሌላውን ከፈትኩ፣ ባዶ። ጭጋጉን ለመክፈት ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም ባዶ። ማስቀመጫው ለወፍ እንደማይጠቅም አይተው ለልጆቹ መጫወቻ ትተውታል። ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበርና ለምን እንዳልነገርኳቸው ጠየቀችኝ። ነገርኳቸው እኮ፣ ችግሩ የነገርኳቸው ነገር ነው አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ፊቴን ስታይ መሳቋን ተወችና «አብሽር» ብላ ትከሻዬን ነካ አድርጋኝ ገባች።

ሄጄ እንዳልጠይቃቸው አፈርኩ። ዝም እንዳልል ፀሐዩና ነፋሱ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ሳመነታ ዳዊት ደወለ፤ አውቶቡስ ውስጥ ነው፣ ሸዋ ሮቢትን አልፏል። ታምሜያለሁ ልበለው? ቤት የለሁም ልበለው? አንዱንም ሳልወስን ከሚሴ ደረሰ።

ምሳ አቀረብንለት። አልቻለም፣ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነው። እጁን ታጥቦ በደንብ አደራረቀና ጭጋጉን አወረደ፤ ማስቀመጫዋን እንደ ሙሽራ መሸፈኛ ቀስ አድርጎ ከፈተ። ዘጋው። ቀይዋን አወረደ፣ ከፈተ፣ ዘጋ። በረሃውንም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲዲዎቹስ?»

«ገጠር ናቸው።»

«ገጠር ምን ይሠራሉ?»

«ወፍ ይጠብቃሉ» አልኩት።

ይህን አባባል ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ምሳውን ትቶ ተነሣና ጫማውን ማሰር ጀመረ።

በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ወርደን ወደ ማሳው በእግር ገባን። መንገዱን በሙሉ ዳዊት ስለ ፀሐይ፣ ስለ አቧራና ስለ ጭረት እያስተማረኝ ነው፤ በሽተኛ እንደሚጎበኝ ሐኪም ከአሁኑ ፊቱን አጥቁሯል። እኔ ደግሞ ምን ብዬ አስመልሳቸዋለሁ የሚለውን አሰላስላለሁ። «አባ፣ ተሳስቼ ነው» ልበል? «አባ፣ እንግዳው ሊያያቸው ፈልጎ ነው» ብዬ ወስጄ ልቅር? ሁለተኛውን መረጥኩ። እንግዳ ይዞ መሄድ ለካ ለዚህም ይጠቅማል።

ማሳው ከሩቅ ታየ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቆምኩ። ከእንጨት ወደ እንጨት ክር ተዘርግቶ የእኔ መኪኖች ከማሽላው ራስ በላይ ይሽከረከራሉ። ነፋስ ሲመጣ ብርሃኑ ከዘለላ ወደ ዘለላ እየዘለለ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ይሮጥበታል። በእኔ ቴሌቪዥን እንደዚያ ፈጥነው አያውቁም። ተናድጄ መጥቼ በመጀመሪያ የተሰማኝ ማማራቸው መሆኑ ራሴን ገረመኝ። ዳዊት ቀረብ ብሎ አየና ተነፈሰ፤ ሸህ ይመር አንዱንም አልበሱም፣ ሲዲው ይዞት በመጣው በመሀል ቀዳዳው በኩል በጥጥ ክር ነው ያሰሩት። ለዚያች ቀዳዳ አልሃምዱሊላህ አልኩ።

አማቴ ከማማው ወረዱ። «በጋ ነጋን ዱፍቴ» ብለው ለዳዊት እጃቸውን ዘረጉለት፤ እንኳን ደህና መጣህ ማለታቸው እንደሆነ ከፊታቸው ገባው። ማማው ሥር ቁርበት አንጥፈው የማሽላ እሸት ጠበሱልን። ጥቂት ቆይቶ በአጎራባች ማሳ ያሉ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ግራ ያጋባኝ። እነዚህ ሰዎች በፊት የሸህ ይመር የከተማ አማች፣ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ብለው የሚያውቁኝ ናቸው። አሁን ግን አንዱ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ አንዲት እናት እጄን ይዘው ረጅም ዱዓ አደረጉልኝ። ምን አደረግኩ ብዬ ዳዊትን አየሁት፤ እሱ እሸቱን እየበላ ክሩ ላይ ያሉትን በዓይኑ ይቆጥራል።

ዳዊት በመጨረሻ ጭጋጉ የት እንዳለች ጠየቀ። ሸህ ይመር ወደ ማማው ጣሪያ አመለከቱ። ከሌሎቹ ተለይታ፣ ጣሪያው ሥር፣ ጥላው ውስጥ፣ እሳቸው ከሚቀመጡበት አጠገብ ተሰቅላለች።

«ያቺን ፀሐይ ላይ አላወጣኋትም» አሉት ለዳዊት። «ይህን ሰው ከየት እንዳወቅከው አላውቅም ልጄ፣ እኔ ግን ልንገርህ። ቤቱ ሄጄ ያቺን በጨርቅ ሲያሻት አየሁት። ምንድን ነው ስለው ቆሻሻ ነው አለኝ። ወላሂ ያኔ ነው ነፍሱ እዚያ ላይ እንዳለች ያወቅኩት። ሰው የሚጠላውን ቆሻሻ አይለውም፣ ይጥለዋል እንጂ። እስቲ ብዬ ለወፏ ስጠኝ አልኩት። ዓይኑን አላሸም። ልጆቼ ከጅዳ ዕቃ ይልኩልኛል፣ አላህ ይስጣቸው፤ የሚወደውን አውርዶ የሰጠኝ ግን ይሄ ነው። ለጨፋ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ኩምሽሽ አልኩ። እንዳልሰጠኋቸው፣ ከአፌ አምልጦኝ እንደሆነ፣ አሁንም የመጣሁት ላስመልሳቸው እንደሆነ ልናገር? የተቀመጡት ሁሉ እያዩኝ ነው። ዓመታት ሙሉ አንድ ሰው ቆሻሻ የሚለውን ቃሌን አልፎ እንዲያይልኝ ስመኝ ነበር፤ ያ ሰው አማቴ ይሆናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም።

ዳዊት ማማው ላይ ወጥቶ ጭጋጉን ከክሩ ሳይፈታ ገልብጦ አያት። ወደ ብርሃን አዘንብሎ አያት። መሀሏ ያለውን ትንንሽ ቁጥር በስልኩ መብራት አነበበ። እኔም ተከትዬው ወጥቻለሁ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ኦርጅናል ናት» አለኝ። «ዋጋዋን ልንገርህ?»

ከታች ሸህ ይመር ቁርበቱ ላይ ተቀምጠው እሸት እየፈለፈሉ ለእንግዳው ያስቀምጣሉ። ቀኝ ክንዳቸው ጭናቸው ላይ አርፏል፤ ወንጭፉ ማማው እንጨት ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል።

«አትንገረኝ» አልኩት።

ዳዊት ትንሽ አየኝ። ቢነግረኝ ላወርዳት ነው፤ እሷን ካወረድኩ ሌሎቹንም ማውረዴ አይቀርም። ይህን አላልኩትም፣ ግን ሰብሳቢ ነውና ገባው። ክሩን ሳብ አድርጎ ቋጠሮው መላላቱን አየና ፈትቶ ደግሞ አጥብቆ አሰራት። ከዚያ ሁለታችንም ማማው ላይ ቁጭ አልን። ግሪሳዋ ከወንዙ በኩል ደመና ሆና ተነሣች፣ ወደ እኛ ቀጥ ብላ መጣች፣ ክሮቹ ላይ ልትደርስ ስትል እንደ አንድ ወፍ ተጠማዘዘችና ሄደች። ዳዊት ሳያስበው አጨበጨበ። እንዲህ ያለ ውድድር አይቶ እንደማያውቅ ደሴ እስኪደርስ በስልክ ሲጽፍልኝ ነበር።

ሸህ ይመር ማሽላቸውን አስገቡ፣ ከሚሴ መግባታቸውም ቀረ። ከአጨዳ በኋላ ሲዲዎቹን በኩታቸው ጠቅልለው፣ በየመሀላቸው ጨርቅ አድርገው፣ ራሳቸው አምጥተው አስረከቡኝ። እስከሚቀጥለው እሸት አደራ መሆናቸውን ግን ነገሩኝ። አንዳንዶቹ ተጭረው ጨርሶ አይከፍቱም። ጭጋጉ ትከፍታለች፣ ዓርብ ዓርብም ትታሻለች።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ዳዊት በሄደ ሰሞን፣ አያ ሁሴን ሱቄ ድረስ መጣ። አያ ሁሴን የአማቴ የማሳ አዋሳኝ ነው። ማማው ላይ ተቀምጠን ዳዊት ሲያጨበጭብ፣ ያቺ ወፍ ከእኛ ስትዞር የት እንደምታርፍ ሁለታችንም አላሰብንም ነበር። «አካም ጅርታ» አለኝ፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሰዓዳ፣ ስለ ገበያው ጠየቀኝ፤ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ከዝናቡ ወደ ማሽላው፣ ከማሽላው ወደ ወፏ ደረስን። ወፏ ላይ ሲደርስ ዘንድሮ የእሱን ማሳ እንደወደደችው ነገረኝ። ምን እንደፈለገ ገብቶኛል፤ የቀረኝ ሲዲ ግን የለም።

ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። አንድ አፍታ ብዬው መንገዱን ተሻገርኩና ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ አንድ እሽግ አዲስ ባዶ ሲዲ ገዝቼ መጣሁ። የሚያብለጨልጭ፣ ጣት ያልነካው። ልማዴን ትቼ እውነቱን ነገርኩት፤ አዲስ መሆኑን፣ ጥሩ ዕቃ መሆኑን፣ እንዲያውም ከእኔዎቹ ይልቅ እንደሚያበራ አፌን ሞልቼ አሞገስኩለት።

አያ ሁሴን አንዱን አወጣ። ገለበጠው፣ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፣ ወደ ፀሐይ ይዞ አየው። እኔን አየኝ። መልሶ እሽጉ ውስጥ አስገባና ቀስ አድርጎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«ጀዛከላህ ወንድሜ፣» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካላስቸገርኩህ ግን ከዚያ ከቆሻሻው ቢሆንልኝ።»